ቃል ከባልንጀሮቹ ጋር ሲታወቅ፦ ስለ ላቀ የእንግሊዝኛ የቃላት ችሎታ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ከአንባቢያን ከደረሱን ጥያቄዎች በርከት ያሉት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ሆነው ስላገኘናቸው የዚህን እትም አምድ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። ጠያቂዎቹ እንግሊዝኛን ማንበብም ሆነ በእርሱ መግባባት የሚችሉ ናቸው፤ የቸገራቸው ከዚያ ወደ ላቀው የቃላት ደረጃ መሻገር ነው።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የሙያ መጻሕፍትን ያለ ብዙ ችግር አነባለሁ። ስጽፍ ግን ደጋግመው የሚመጡልኝ «ጉድ»፣ «ቢግ»፣ «ኢምፖርታንት» የሚሉት ቃላት ብቻ ናቸው። ይህን ለማሻሻል ብዬ አምስት ሺህ ከባድ ቃላት ከነትርጉማቸው በፊደል ተራ የተደረደሩበት መጽሐፍ ገዝቼ በቃሌ እየያዝኩ ነው። መንገዴ ትክክል ነው? ለመሆኑ የላቀ ደረጃ ላይ ለመድረስ ስንት ቃል ማወቅ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣ። እንግሊዝኛ ስንት ቃል አለው ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ተማሪን ያስደነግጣል፤ ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትሙ 20 ቅጾች ያሉት ሲሆን ከ290 ሺህ በላይ ዋና ዋና ቃላትን ይዟል። ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ የተረሱ፣ በአንድ ሙያ ክልል የታጠሩ፣ ወይም በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች እንኳ ዕድሜ ልካቸውን የማይገጥሟቸው ናቸው። ቃላት በአገልግሎታቸው እኩል አይደሉም፤ የጥናትዎ ዕቅድ መነሣት ያለበትም ከዚህ እውነት ነው።

ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ያሳተሙት የተለመዱ ቃላት ዝርዝር ሁለት ሺህ ያህል ቃላትን ብቻ የያዘ ቢሆንም፣ እነዚያ ቃላት ከነርቢዎቻቸው ከአንድ ተራ ጽሑፍ 80 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። አቬሪል ኮክስሄድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ከልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፎች የተሰበሰበ 3.5 ሚሊዮን ቃል የሚሆን ጽሑፍ መርምረው 570 የአካዳሚክ የቃል ቤተሰቦችን ለዩ፤ የቃል ቤተሰብ የሚባለው አንድ ቃል ከእርሱ ከተገኙት ስሞች፣ ግሶችና ቅጽሎች ጋር አንድ ላይ ሲቆጠር ነው። እነዚህ 570ዎቹ ብቻቸውን ከአንድ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ቃላት 10 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። የቃላት ጥናት ምሁሩ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረቡት ስሌት ደግሞ ልብ ወለድን ወይም ጋዜጣን ከመቶው ዘጠና ስምንት ቃሉን እያወቁ ለማንበብ ከስምንት ሺህ እስከ ዘጠኝ ሺህ የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል። የሚነገረውን ለመከታተል ከስድስት ሺህ እስከ ሰባት ሺህ ይበቃል።

እርስዎ የሙያ መጻሕፍትን ያለ ብዙ ችግር የሚያነቡ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሺህ ቃላትና ከአካዳሚክ ቃላቱም አብዛኞቹ በእጅዎ ገብተዋል ማለት ነው። የቀረዎት መስክ ከሦስተኛው ሺህ እስከ ዘጠነኛው ሺህ ያለው መካከለኛ ክፍል ነው፤ «ሪላክታንት» (ልቡ ያልፈቀደ)፣ «ኢንኤቪታብል» (የማይቀር)፣ «ስክሩቲኒ» (ጥብቅ ምርመራ)፣ «ፕላውዚብል» (እውነት ሊመስል የሚችል) የመሳሰሉት ቃላት የሚገኙት እዚያ ነው። ከባድ ቃላት እያሉ የሚደረድሩት መጻሕፍት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን መካከለኛ መስክ ዘለው ብርቅ ወደሆኑት ይሮጣሉ።

በፊደል ተራ መያዝ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። «አብዲኬት»፣ «አብሮጌት»፣ «አብስቴን» በአንድ ቀን ጎን ለጎን የተያዙ እንደሆነ በመልክ ስለሚመሳሰሉ አንዱ ሌላውን ያደናግራል፤ ተመሳሳዮችንና ተቃራኒዎችን በአንድ ጊዜ ማጥናትም እንዲሁ ያምታታል። ስለዚህ ምክሬ መጽሐፉን ዘግተው፣ የሚይዟቸውን ቃላት ከራስዎ ንባብ እንዲለቅሙ ነው። አንድን የማያውቁትን ቃል በአጭር ጊዜ ውስጥ በሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ካገኙት ሊጠና የሚገባው መሆኑን ራሱ ነግሮዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዎ እንምጣ። «ጉድ» እና «ቢግ» እየደጋገሙ የሚመጡት ሌላ ቃል ስለማያውቁ አይመስለኝም። «ሰብስታንሻል» (ጠቀም ያለ) ወይም «ክሩሻል» (ወሳኝ) የሚለውን ቃል በመጽሐፍ ላይ ሲያዩት ያውቁታል፤ በራስዎ ብዕር ግን ጠርተውት አያውቁም። አይቶ መለየትና ፈልጎ ማምጣት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ሁለተኛው በንባብ ብቻ አይገኝም። የሚረዳው ልምምድ ይህ ነው፦ የጻፉትን አንድ አንቀጽ መልሰው ያንብቡና «ቢግ» ባሉበት ቦታ ሁሉ ቆም ብለው ትልቅ የሆነው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ችግር ከሆነ «ሲሪየስ ፕሮብለም»፣ ጭማሪ ከሆነ «ሻርፕ ኢንክሪስ»፣ ልዩነት ከሆነ «ማርክድ ዲፈረንስ» ይባላል። አማርኛው ሁሉንም «ትልቅ» ወይም «ከፍተኛ» በሚል ሊያልፋቸው ይችላል፤ እንግሊዝኛው ግን ለእያንዳንዱ ስም የለመደውን ቅጽል ይሰጠዋል።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን እየጻፍኩ ነው። አማካሪዬ በየገጹ ኅዳግ ላይ «ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይባልም» እያሉ ይጽፉብኛል። እኔ እያንዳንዱን ቃል በመዝገበ ቃላት አረጋግጬ ነው የምጽፈው። ለምሳሌ ያህል ይህን ዓረፍተ ነገር ልኬያለሁ፦ «ዘ ሪሰርቸርስ ጌቭ ሃይ አቴንሽን ቱ ዘ ፕሮብለም፣ ኤንድ ዘ ኒው ሜተድ ኮዝድ ኤ ቢግ ኢምፕሩቭመንት።» ስሕተቱ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የላኩት ዓረፍተ ነገር የዚህን አምድ ዋና ሐሳብ ለማሳየት የተሻለ ምሳሌ የማላገኝለት ስለሆነ ቃል በቃል እንመልከተው።

ሲጽፉ በልብዎ የነበረው አማርኛ «ተመራማሪዎቹ ለችግሩ ከፍተኛ ትኩረት ሰጡ፤ አዲሱም ዘዴ ትልቅ መሻሻል አመጣ» የሚል እንደነበር በግልጽ ይታያል። በአማርኛ ትኩረት ይሰጣል፤ መጠኑም በ«ከፍተኛ» ይገለጻል። በእንግሊዝኛ ግን ትኩረትን «ፔይ» በሚለው ግስ ነው የሚገልጹት፤ ጥልቀቱንም «ሃይ» ሳይሆን «ክሎስ» በሚለው ቅጽል ያሳያሉ፤ ስለዚህ «ፔይድ ክሎስ አቴንሽን» ይሆናል። «ኢምፕሩቭመንት» ደግሞ ከ«ቢግ» ይልቅ «ማርክድ» ወይም «ሰብስታንሻል» የሚሉትን ቅጽሎች ይመርጣል።

ከሁሉ ረቂቅ የሆነው «ኮዝ» የሚለው ግስ ነው። መዝገበ ቃላቱ ምክንያት መሆን ብሎ ቢተረጉመው አልዋሸዎትም። ይሁን እንጂ የቋንቋ ምሁሩ ማይክል ስታብስ እ.ኤ.አ. በ1995 ሰፊ የጽሑፍ ክምችት መርምረው እንዳሳዩት፣ ይህን ግስ ተከትለው የሚመጡት ስሞች በአብዛኛው የክፉ ነገር ስሞች ናቸው፤ ጉዳት፣ ችግር፣ ሞት፣ በሽታ። እኛም በአማርኛ «አደጋው ከባድ ጉዳት አስከተለ» እንላለን እንጂ «ሥልጠናው ደስታ አስከተለ» ብንል ጆሯችን አይቀበለውም፤ ለበጎው «አስገኘ» ወይም «አመጣ» አለን። እንግሊዝኛም ለበጎው «ብሮት አባውት» የሚለውን ይዟል። እንግዲህ ዓረፍተ ነገርዎ ሲታረም «ዘ ሪሰርቸርስ ፔይድ ክሎስ አቴንሽን ቱ ዘ ፕሮብለም፣ ኤንድ ዘ ኒው ሜተድ ብሮት አባውት ኤ ማርክድ ኢምፕሩቭመንት» ይሆናል። አንድም አዲስ ሐሳብ አልተጨመረበትም፤ የተለወጡት ቃላትም እርስዎ የማያውቋቸው አይመስሉኝም።

እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ቃል የሚታወቀው በባልንጀሮቹ ነው የሚል ሐሳብ ጽፈው ነበር። ይህ ሐሳብ በመዝገበ ቃላት ሥራ ላይ በሰፊው የዋለው ግን እ.ኤ.አ. በ1987 በጆን ሲንክሌር መሪነት በበርሚንግሃም የተዘጋጀው ኮቢልድ የተባለው መዝገበ ቃላት በኮምፒዩተር ከተከማቸ ጽሑፍ ተነሥቶ በታተመ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የወጡት የተማሪ መዝገበ ቃላት በሙሉ ለማለት ይቻላል የቃሉን አጃቢዎች፣ ማለትም አብረውት የሚመጡትን ቃላት፣ ያሳያሉ፤ ለዚሁ ብቻ የተዘጋጁ መዝገበ ቃላትም አሉ። ስለዚህ ቃሉን ፈልገው ትርጉሙን ሲያገኙ አይዝጉት፤ ምሳሌዎቹን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ትርጉሙን ያወቁት ቃል ገና ግማሹን ነው ያወቁት።

ይህ ችግር በተለይ ጎልቶ የሚታየው ቀላል በሚመስሉ ግሶች ላይ መሆኑንም ልብ ይበሉ። እኛ ሕልም እናያለን፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን «ሃድ ኤ ድሪም» ይላሉ። እኛ ሬዲዮ እንከፍታለን፤ እነርሱ «ኦፕን» አይሉትም፣ «ተርን ኦን» ነው የሚሉት። እኛ ስሕተት እንሠራለን፤ እነርሱ «ዱ» ሳይሆን «ሜክ» ይላሉ። በላቀ ደረጃ ላይ ያሉ ጸሐፊዎች የሚለዩት ብዙ ጊዜ በእነዚህ ትንንሽ ግሶች ነውና አይናቋቸው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ ችሎታ ለሚለካው የአይኤልትስ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ጓደኞቼ «ብርቅ ቃል ባስገባሽ ቁጥር ነጥብሽ ይጨምራል» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እንዲህ በጥሬው አይደለም። በአይኤልትስ የጽሑፍ ፈተና እኩል ክብደት ካላቸው አራት መመዘኛዎች አንዱ የቃላት ችሎታ ነው፤ በከፍተኛዎቹ እርከኖች የሚጠበቀውም ያልተለመዱ ቃላትን ለአገባባቸውና ለቃናቸው ተጠንቅቆ መጠቀም ነው። ቦታውን የሳተ ብርቅ ቃል ነጥብ ያስቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ለድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ የሚሰጠው ጂአርኢ የተባለው ፈተናም ቀድሞ ተቃራኒ ቃል እያስመረጠ ይፈትን የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ያንን ክፍል አውጥቶ ቃላትን በጽሑፍ ውስጥ መፈተንን መርጧል።

ቃና ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ከራሳችን ቋንቋ ይረዱታል። «ሞተ»፣ «አረፈ»፣ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» የሚሉት ሦስቱም አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ሆኖም የትኛው በሕክምና ዘገባ፣ የትኛው በሐዘን መግለጫ እንደሚገባ ማንም ሳይነግርዎ ያውቃሉ። በእንግሊዝኛም «ፍሩጋል» የተባለ ሰው ቆጣቢ ተብሎ ተመስግኗል፤ «ስቲንጂ» የተባለው ግን ቆንቋና ተብሎ ተነቅፏል። «ኖቶሪየስ» የታወቀ ማለት ነው፣ የታወቀው ግን በክፉ ነው፤ አንድን የተከበሩ ምሁር በዚህ ቃል ያወደሰ ተማሪ ሳያውቅ ሰድቧቸዋል። «ዩዝ» በሚበቃበት ቦታ ሁሉ «ዩቲላይዝ» ማለት ደግሞ ጽሑፉን ያከብደዋል እንጂ ከፍ አያደርገውም።

ጥያቄ፦ ያጠናሁትን ቃል በሳምንቱ እረሳዋለሁ። ደብተሬ በቃላት ተሞልቷል፤ ጭንቅላቴ ግን ባዶ ነው። ዕድሜዬ አርባን አልፏልና ጊዜው አልፎብኝ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በዕድሜዎ አያሳብቡ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተሙት ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በራሳቸው ላይ በመፈተን የተሠራ ሲሆን፣ ያሳየውም የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ግን የመርሳቱ ፍጥነት እንደሚቀንስ ነው። እርስዎ ላይ የደረሰው የሁሉም ሰው ነው። ዋናው ፍሬ ነገር ክለሳውን በጊዜ ማራራቅ ነው፤ አንድን ቃል በአንድ ማታ አሥር ጊዜ ከመደጋገም ዛሬ፣ ነገ፣ ከአራት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አንድ ጊዜ መመለስ እጅግ ይበልጣል።

ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን ወደ ቀላል አሠራር ለውጠውታል። ቃላቱ በካርዶች ላይ ይጻፉና ካርዶቹ በተከታታይ ክፍሎች ባሉት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በትክክል የመለሱት ካርድ ዘግይቶ ወደሚታየው ክፍል ያልፋል፣ የሳቱት ግን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አንኪ የተባለው ነፃ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይህንኑ የማራራቅ ሥራ ራሱ እያሰላ ይሠራልዎታል።

ደብተርዎ ያልረዳዎት ግን በሌላም ምክንያት ነው። ደብተር ሲከፈት ቃሉም ትርጉሙም አንድ ላይ ይታያሉ፤ ዓይን ሁለቱን አይቶ «አውቀዋለሁ» ይላል፣ አእምሮ ግን ምንም አልፈለገም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረጉት ምርመራ፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ተማሪዎች ይልቅ ጽሑፉን ዘግተው ለማስታወስ የሞከሩት ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰው ተገኝተዋል። ስለዚህ የካርዱ ፊት ጥያቄ መሆን አለበት። «ሪላክታንት» ለሚለው ቃል እኔ የምጽፈው ካርድ ፊቱ ላይ «ሺ ዋዝ ... ቱ ሳይን ዘ ኮንትራክት ዊዝአውት ሪዲንግ ኢት» የሚል ክፍት ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገርና የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ይኖረዋል። ጀርባው ላይ ቃሉ፣ «ልቧ ያልፈቀደ» የሚለው የአማርኛ ፍች፣ ከኋላው «ቱ» እና ግስ እንደሚከተል፣ እንዲሁም ስሙ «ሪላክታንስ» መሆኑ ይጻፋል። ከዚህ የበለጠ ከጫኑበት ካርዱን መክፈት ያስጠላዎታል። በቀን ከአምስት እስከ ስምንት አዲስ ካርድ ሠርተው ክለሳውን ሳያቋርጡ መሄድ፣ በአንድ ቅዳሜ መቶ ጽፎ ከመተው የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ የላቲንና የግሪክ ሥሮችን ብንማር ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ ይከፈትልናል ይባላል። ጊዜ ሊጠፋበት የሚገባ ነው?

መልስ፦ አዎን፣ ግን ወሰኑን አውቆ ነው። የእኛ አንባቢ ሥር ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በፊት ይረዳል፤ «ከፈለ» ካለ ክፍል፣ ክፍያ፣ ከፋይ፣ ተካፋይ ከአንድ ሥር እንደሚወጡ ያያል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ስሙ ከአንድ ወገን መጥቶ ቅጽሉ ከሌላ ወገን ስለሚመጣ ነው። ፀሐይ «ሰን» ስትሆን የፀሐይ የሆነው «ሶላር» ነው፤ ጨረቃ «ሙን»፣ የጨረቃ የሆነው «ሉናር»፤ ጥርስ «ቱዝ»፣ የጥርስ የሆነው «ዴንታል»፤ አፍ «ማውዝ»፣ የአፍ የሆነው «ኦራል» ነው። አማርኛም ይህን ፈጽሞ የማያውቀው አይደለም፤ «ሰው» ካልን በኋላ ቅጽሉን ከግዕዝ አምጥተን «ሰብአዊ» እንላለን፣ በትከሻችን ላይ ያለውን «ራስ» ብለን የጽሑፉን «ርእስ» እንለዋለን። ግዕዝ ለአማርኛ የሰጠውን የምሁራን ቃላት፣ ላቲን በቀጥታም በፈረንሳይኛም በኩል ለእንግሊዝኛ ሰጥቷል።

ታሪኩም ይታወቃል። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ድል አድርገው ሲይዙ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ሆነ፤ ከዚያም የኋለኞቹ ሊቃውንት ከላቲንና ከግሪክ በቀጥታ ቃል ይወስዱ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ሐሳብ ሦስት ደረጃ ያላቸው ቃላት ተፈጠሩ፤ ጥንታዊው የእንግሊዝኛ ቃል «አስክ»፣ ከፈረንሳይኛ የመጣው «ክዌስችን»፣ ከላቲን የተወሰደው «ኢንተሮጌት»። የመጀመሪያው የዕለት ተዕለት፣ የመጨረሻው የመርማሪ ቃል ነው። ይህን ሥርዓት ያወቀ ሰው አዲስ ቃል ሲያገኝ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በመጠየቅ ቃናውን በግምት ሊደርስበት ይችላል፤ የሥር ጥናት ትልቁ ጥቅም በእኔ አስተያየት ይህ ነው።

ለማስታወስም ይረዳል። «ስፔክት» ማየትን እንደሚያመለክት ካወቁ፣ «ኢንስፔክት» (መመርመር)፣ «ፕሮስፔክት» (ወደ ፊት የሚታይ ተስፋ)፣ «ስፔክቴተር» (ተመልካች) እርስ በርስ ይያያዙልዎታል። ነገር ግን በሥር ብቻ ተመርኩዞ ትርጉም መወሰን አደገኛ ነው። «ኢን» በብዙ ቃላት ላይ አፍራሽ ቢሆንም፣ «ኢንፍላመብል» ማለት በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው፤ ይህ ስሕተት ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል በማስጠንቀቂያ ጽሑፎች ላይ «ፍላመብል» የሚለው ተመራጭ ሆኗል። «ኢንቫልዩብል»ም ዋጋ የሌለው ሳይሆን ዋጋው ከመተመን ያለፈ ማለት ነው። ሥሩ ቃሉን ለማስታወስ ይጠቅም፤ ትርጉሙን የሚወስነው ግን መዝገበ ቃላቱና አገባቡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ልጠቀም ወይስ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ?

መልስ፦ ሁለቱንም፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦ ፍጥነት ሲፈልጉና የነገር ስም ሲሆን የአማርኛው ይበቃል፤ ሊጽፉበት ላሰቡት ቃል ግን ለተማሪ የተዘጋጀውን የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይክፈቱ። ሎንግማን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው የተማሪ መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹ ሁሉ በሁለት ሺህ ያህል ቀላል ቃላት ብቻ እንዲጻፉ አድርጓል፤ ስለዚህ «ፍቺው ራሱ ሌላ ፍቺ ይፈልጋል» የሚለው ፍርሃት በእነዚህ ላይ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ስጽፍ ቃል አይቸግረኝም። ስናገር ግን ያወቅኩት ሁሉ ይጠፋብኛል፤ ደፍሬ የተናገርኩትንም ሰሚው አይለየውም።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሁለተኛው ምናልባት ከጫና፣ ማለትም ከቃሉ ክፍሎች አንዱን አጉልቶ ከመናገር፣ ጋር የተያያዘ ነው። የእኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን እንደማያሳይ፣ «አለ» የሚለውም ተናገረ ወይም ይገኛል ማለት መሆኑን በንባብ ብቻ እንደምንለይ ሁሉ፣ የእንግሊዝኛ አጻጻፍም በቃሉ ውስጥ የትኛው ክፍል ጎልቶ እንደሚነገር አያሳይም። «ፎቶግራፍ» በመጀመሪያው ክፍል ላይ ይጎላል፤ «ፎቶግራፊ» በሁለተኛው፤ «ፎቶግራፊክ» በሦስተኛው። ድምፆቹን አንድ በአንድ በትክክል ብለው ጫናውን ከሳቱ ሰሚው ሌላ ቃል የሰማ ይመስለዋል። በዚህ አምድ ላይ እንደምናደርገው የእንግሊዝኛ ቃልን በእኛ ፊደል መጻፍ ይህን ፈጽሞ ይሰውረዋልና፣ በካርድዎ ላይ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ አኑረው የሚጎላውን ክፍል ያስምሩበት፤ ድምፁንም በመዝገበ ቃላቱ የድምፅ ቅጂ አዳምጠው ጮክ ብለው ይድገሙት።

ለመጀመሪያው ችግር የሚረዳ አንድ የታወቀ ልምምድ አለ። ያነበቡትን አንድ ጽሑፍ በአራት ደቂቃ ለአንድ ሰው ይናገሩ፤ ያንኑ ለሌላ ሰው በሦስት፣ ለሦስተኛው ደግሞ በሁለት ደቂቃ ይድገሙ። ሐሳቡ አንድ ስለሆነ አእምሮዎ ምን ልበል እያለ አይጨነቅም፤ ኃይሉን ሁሉ ቃል በፍጥነት ለማምጣት ያውለዋል። ሰው ካጡ ድምፅዎን እየቀዱ ብቻዎን ያድርጉት።

ጥያቄ፦ የምሠራው ሥራ ጊዜ አይሰጠኝም፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ አለኝ። ምን ላንብብ? ልብ ወለድ ይሻላል ወይስ ጋዜጣ?

መልስ፦ ከዓይነቱ ይልቅ አንድ ጉዳይ ላይ መቆየትዎ ይበልጣል። ዛሬ ስለ ስፖርት፣ ነገ ስለ ሕክምና፣ ከነገ ወዲያ ስለ ምርጫ የሚያነብ ሰው የእያንዳንዱን ጉዳይ ቃላት አንድ ጊዜ ብቻ ያገኛቸዋል። ስለ አንድ ጉዳይ አምስትና ስድስት ጽሑፎችን በተከታታይ የሚያነብ ወይም የአንድን ደራሲ መጻሕፍት የሚከታተል ግን ያንኑ ቃል በየጊዜው በአዲስ ባልንጀርነት ያገኘዋል፤ ስቲቨን ክራሽን የተባሉት የቋንቋ ምሁር አጥብበው ማንበብ ብለው የመከሩት ይህንን ነው። ልብ ወለድ የስሜትና የሰው ጠባይ ቃላትን፣ የጋዜጣ ሐተታ የክርክርና የምክንያት ቃላትን ያበዛልና፣ መጻፍ የሚያስፈልግዎ የትኛውን እንደሆነ አይተው ይምረጡ።

ክብደቱን ለመመዘን ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ ያንብቡና የማያውቋቸውን ቃላት ይቁጠሩ። ከመቶው ዘጠና ስምንት ማወቅ ማለት ከሃምሳ ቃል አንዱን አለማወቅ ማለት ነው፤ 300 ቃል ባለው ገጽ ላይ ስድስት ያህል ይሆናል። ከስድስት የማይበልጥ ከሆነ ሳያቋርጡ እያነበቡ ትርጉሙን ከአገባቡ መገመት ይችላሉ። አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መጽሐፉን ለጊዜው አቆይተው በደረጃ ተመጥነው ከተዘጋጁት የንባብ መጻሕፍት ከፍተኛውን እርከን ይውሰዱ፤ ይህን ማድረግ የሚያሳፍር አይደለም።

ከግማሽ ሰዓቱ ሃያውን ደቂቃ ለንባብ ይስጡ። በንባቡ ጊዜ መዝገበ ቃላት አይክፈቱ፤ ደጋግመው ያገኟቸውን ቃላት በእርሳስ ምልክት ብቻ ያድርጉባቸው። በቀሩት አሥር ደቂቃዎች ያለፉትን ካርዶች ይከልሱና ምልክት ካደረጉባቸው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ከነአጃቢዎቻቸው ይጻፉ። ከዚያም ስለ ራስዎ ሥራ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር በእነርሱ ይሥሩ። ጊዜ ካጠረ ክለሳው ይቅር አይበሉ፤ የሚዘለለው አዲሱ ካርድ ይሁን።